ጥያቄው ይቅደም፣ ካሜራው ይከተል፦ ለታዳጊ ክሪኬት አሠልጣኞች የቪዲዮ መመሪያ

በሰፈርዎ ክለብ ታዳጊዎችን በበጎ ፈቃድ የሚያሠለጥኑ ከሆነ፣ ወይም ልጅዎ ክሪኬት ጀምሮ እርስዎም ከሜዳው ዳር መቆም ብቻ ካልበቃዎት፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ከ30 ዓመት በፊት የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች እንኳ ያልነበራቸው መሣሪያ ነው። ቦብ ዎልመር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የደቡብ አፍሪካን ቡድን ሲያሠለጥን ላፕቶፕ ይዞ መሥራቱ ብዙዎችን ያስገርም ነበር። የኳስን ጉዞ በበርካታ ካሜራዎች የሚከታተለው ሆክ-አይ በቴሌቪዥን የክሪኬት ስርጭት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2001፣ እንግሊዝና ፓኪስታን ለንደን በሚገኘው ሎርድስ ሜዳ ሲጋጠሙ ነው። ዛሬ ሜልበርን ወይም ዱባይ ውስጥ ልጁን ልምምድ ያመጣ አባት በስልኩ በሰከንድ 240 ምስል መቅረጽ ይችላል።

ስለዚህ የሚጎድለን መሣሪያ አይደለም። በየክለቡ የማየው ችግር ተቀርጾ የማይታይ፣ ታይቶም ምንም የማይለውጥ ቪዲዮ መብዛቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት አሠልጣኙ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይኑረው፣ ቀረጻው ያንን ጥያቄ ይመልስ፣ መልሱም በቀጣዩ ልምምድ ይፈተን።

1. ጥያቄውን በወረቀት ይጻፉ

«የልጁ ቦውሊንግ ምን ይመስላል?» የሚለው ለካሜራ የሚሆን ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ ሃያ ነገር ነውና። ለካሜራ የሚሆነው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፦ «ወደ ሌግ ሳይድ የሚያመልጡት ኳሶቹ የፊት እግሩ ከሚያርፍበት ቦታ ጋር ይያያዛሉ?» «አጭር ኳስ ሲመጣባት ክብደቷን ወደ ኋላ እግሯ ታዛውራለች ወይስ ባለችበት ትደርቃለች?» «በአራተኛው ኦቨር ላይ ሲደክመው ሩጫው ይለወጣል?»

እንዲህ የተጻፈ ጥያቄ የቀረውን ሥራ ይወስንልዎታል። ስልኩ የት እንደሚቆም፣ ስንት ኳስ እንደሚቀረጽ፣ ኋላ የትኛዋ ቅጽበት ላይ ቪዲዮው እንደሚቆም ከጥያቄው ይወጣል። ልጁ 12 ዓመት ካለፈው ጥያቄውን አብሮዎት ይጻፍ። ራሱ የጠየቀውን ነገር መልስ ለማየት የሚመጣ ልጅና ሊነቀፍ የተጠራ ልጅ ስክሪኑን አንድ ዓይነት አያዩትም።

2. ፈቃድ ይያዙ፣ ሰውም ስልክም ከኳስ መንገድ ይውጣ

የሚቀርጹት ልጆችን ነውና የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ ለምን እንደሚቀርጹ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ በግልጽ ይኑርበት። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ክለቦች የልጆችን ደህንነት የሚከታተል ኃላፊ ስላለ፣ ከመጀመርዎ በፊት ያነጋግሩት። በልብስ መቀየሪያ ክፍል ስልክ አይወጣም። የሌላ ሰው ልጅ ያለበት ቪዲዮ በወላጆች የዋትስአፕ ግሩፕ አይለቀቅ፤ ጥሩ ምት የታየበት ቢሆንም እንኳ።

ስለ አካል ደህንነት ደግሞ አንድ ደንብ ብቻ አለኝ፣ እሱም አይላላም። ባተሩ ፊት ለፊት ማንም ሰው ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ አይቆምም። የአዋቂ ወንዶች ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል፤ በቀጥታ ሲመታ ከመጣበት ፍጥነት በላይ ሊመለስ ይችላል። ስልኩን በማቆሚያ ላይ ያስሩት፣ ከመረቡ ጀርባ ያድርጉት፣ ቀረጻውን ያስጀምሩና ይራቁ። ሌንሱን ለመረቡ ቀዳዳ በጣም ካስጠጉት ክሩ ምስሉ ላይ አይታይም።

3. ካሜራውን ያስተካክሉ

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ኳስ በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ስልክዎ እንደተለመደው በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ ኳሱ በአንዱ ምስልና በቀጣዩ መካከል 93 ሴንቲሜትር ያህል ይዘላል። ይህ ማለት ባቱ ኳሱን የነካበት ቅጽበት ከነጭራሹ ላይቀረጽ ይችላል። በሰከንድ 240 ሲሆን ዝላዩ ወደ 12 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ስለዚህ የእጅ አንጓን፣ የኳስ መልቀቂያን ወይም የባትና የኳስን ግንኙነት ለማየት የስሎው ሞሽን ቅንብሩን 240 ላይ ያድርጉት። ሩጫን፣ የእግር አቀማመጥን ወይም የጨዋታ ሁኔታን ለማየት ግን 60 ይበቃል፤ የስልኩንም ማህደረ ትውስታ አይጨርስም።

ከምስሉ ብዛት እኩል የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። እያንዳንዱ ምስል የሚነሳበት ጊዜ ካጠረ ኳሱ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ከረዘመ ጭራ እንዳለው ነጭ ጭረት ይሆናል። ስልክዎ የሻተር ፍጥነትን በእጅ ለማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ይጀምሩ። ይህ የሚሠራው ከቤት ውጭ፣ በቀን ነው። በአዳራሽ ውስጥ ባሉ ኔቶች (በመረብ የታጠሩ የልምምድ መስመሮች) ሌላ ጣጣ አለ፦ በእንግሊዝም በአውስትራሊያም በኤምሬትስም ያለው መብራት በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም፣ 240 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ግን ያየዋል፤ ቪዲዮውም እየበራ እየጠፋ ያስቸግራል። ያኔ የምስሉን ብዛት ይቀንሱ ወይም ቀረጻውን ፀሐይ ላለበት ቀን ያቆዩት።

ሰፊ ማዕዘን የሚወስደውን ሌንስ አይጠቀሙ፤ ዳርና ዳር ያለውን ነገር ያጎብጣልና ቀጥ ያለ ባት የተጠማዘዘ ያስመስላል። ከቦታው ራቅ ብሎ በዋናው ሌንስ መቅረጽ ይሻላል። በጎን ለሚደረግ ቀረጻ ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቀት ካገኙ መልካም ነው፤ ከፍታውም በልጁ ወገብ ልክ ይሁን። ፎከሱንና የብርሃን መጠኑን ልጁ በሚቆምበት ቦታ ላይ ይቆልፉት፣ አለዚያ ቦውለሩ ሲያልፍ ስልኩ ፎከሱን ወደ እሱ ይወስደዋል።

አንድ ቀላል ልማድ ደግሞ ብዙ ሰዓት ያተርፍልዎታል። ከእያንዳንዱ ኳስ በፊት ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ሁለተኛ ኦቨር፣ ሦስተኛ ኳስ» ይበሉ። ሁለት ስልክ ከተጠቀሙ ደግሞ ሁለቱም በሚያዩት ቦታ ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ኋላ ሁለቱን ቪዲዮዎች በጭብጨባው ያገጣጥሟቸዋል።

4. ቦውለሩን ሲቀርጹ

ሁለት ቦታ ይበቃል፣ ጎንና ኋላ። የጎኑ ካሜራ ከፖፒንግ ክሪዙ፣ ማለትም ቦውለሩ የፊት እግሩን ከሚያሳርፍበት መስመር ጋር ትክክል ይሁን፤ መስመሩ በምስሉ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ጠባብ ጭረት ሆኖ እስኪታይ ድረስ ቦታውን ያስተካክሉ። በኔት ልምምድ ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ የጎረቤቱ መስመር ውስጥ ነው። ያ መስመር ባዶ ካልሆነ ይተዉት። የኋላው ካሜራ ከሩጫው ጀርባ፣ ሁለቱ ስተምፖች በአንድ መስመር በሚታዩበት ቦታ ይሁን።

ከዚያ ሦስት ቅጽበቶችን ይፈልጉ፦ የኋላ እግር መሬት ሲነካ፣ የፊት እግር ሲያርፍ፣ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝግታ ማየት ያምራል፣ ግን ዓይን ሁሉን ሲያይ ምንም አይይዝም። በሦስቱ ላይ ያቁሙ። በጎኑ ምስል የፊት ጉልበቱ ሲያርፍ ይታጠፋል ወይስ ይጸናል፣ ጭንቅላቱ ወደፊት ይሄዳል ወይስ ወደ ጎን ይወድቃል የሚለውን ያያሉ። በኋላው ምስል የእግሮቹን መስመርና ሩጫው ወዴት እንደሚያመራ ያያሉ።

በኋላው ምስል ላይ በተለይ የማሳስባችሁ፣ አሠልጣኞችም ወላጆችም፣ የትከሻና የዳሌ መስመር ነው። ባለሙያዎች ሦስት የቦውሊንግ ዓይነት ይለያሉ፦ ትከሻውም ዳሌውም ወደ ጎን የሆነ፣ ሁለቱም ወደ ፊት የሆነ፣ ሁለቱ የማይገጥሙበት ቅይጥ። በሦስተኛው ዓይነት ዳሌው ወደ ፊት እያየ ትከሻው ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ የታችኛው አከርካሪ በመካከል ይጨመቃል። በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ኤሊዮትና ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ባደረጉት ጥናት ይህ ቅይጥ አካሄድ በወጣት ፈጣን ቦውለሮች ላይ ከሚደርሰው የወገብ አጥንት መሰንጠቅ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። አውስትራሊያዊው ዴኒስ ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1973 በዌስት ኢንዲስ ጉዞ ላይ የወገቡ አጥንት ተሰንጥቆ ከጨዋታ ወጥቶ ነበር፤ በጥብቅ የአካል ማገገሚያና አጣጣሉን በማስተካከል ተመልሶ የዘመኑ ታላቅ ቦውለር ሆነ። ታዳጊ ልጅ ግን ያን ያህል ዋጋ እንዲከፍል መጠበቅ የለብንም።

በቪዲዮው ላይ ይህን የመሰለ መጠማዘዝ ካዩ በራስዎ ለማረም አይቸኩሉ። ቪዲዮውን ከፍ ያለ ፈቃድ ላለው አሠልጣኝ ያሳዩ። ልጁ በወገቡ በአንድ በኩል እንደሚያመው ከነገረዎት ደግሞ ቪዲዮውን ይተዉት፤ ያን ቀን ቦውል አያደርግም፣ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

ከዚሁ ጋር፣ ገንዘብ የማይጠይቅና እኔ ከማንኛውም ሶፍትዌር የማስበልጠው መሣሪያ አለ፦ የኳስ ብዛት መዝገብ። ልጁ በሳምንቱ ውስጥ በትምህርት ቤት፣ በክለብ፣ በጓሮ ስንት ኳስ ቦውል እንዳደረገ በአንድ ደብተር ይጻፍ። የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ የክለቡን አያውቅም፣ የክለቡ የትምህርት ቤቱን አያውቅም፤ ሁለቱንም የሚያውቀው ወላጅ ብቻ ነው። የአገርዎ የክሪኬት ቦርድ ለየዕድሜው ያወጣውን የኦቨር ገደብ ደብተሩ ሽፋን ላይ ይለጥፉትና ቁጥሩን ከሱ ጋር ያስተያዩት።

5. ባተሩን ሲቀርጹ

ለባተሩ የመጀመሪያው ቦታ ፊት ለፊት ነው፤ ከቦውለሩ ጀርባ፣ መረብ ባለበት። ከዚህ የሚታየው ጭንቅላት፣ ባቱ የሚወርድበት መስመርና እግሩ ወደ ኳሱ መሄዱ ነው። የጎኑ ካሜራ ደግሞ ኳሱ የተመታው ከዓይን በታች ነው ወይስ በጣም ፊት የሚለውን ይመልሳል።

በመጀመሪያ ጭንቅላትን ይመልከቱ። ቦውለሩ ኳሱን ሲለቅ ጭንቅላቱ ቆሟል? ምቱ ላይስ ወደ ኦፍ ሳይድ ወድቋል? በዚህ ዕድሜ ያለው ብዙ የእግር ስሕተት ከዚህ ይጀምራል፤ ጭንቅላት ከወደቀ እግር ሊከተለው ይገደዳል። እግሩን ማረም ቀላል ስለሚመስል ግን ብዙ አሠልጣኝ የሚጮኸው በእግሩ ላይ ነው።

የባት አነሳሱን በተመለከተ ትዕግሥት ይኑርዎት። የማሠልጠኛ መጻሕፍት ባቱ ቀጥታ ወደ ስተምፑ እንዲነሳ ሲመክሩ ኖረዋል። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን ግን ባቱን ወደ ስሊፕ አቅጣጫ አውጥቶ በክብ መንገድ ይመልሰው ነበር፤ በቴስት ጨዋታ አማካዩም 99.94 ነው። የአገሩ ልጅ ስቲቭ ስሚዝም መጽሐፉ እንደሚለው አያነሳም። ከቦውለሮች የስሪላንካው ላሲት ማሊንጋ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ሲያስወነጭፍ፣ የሕንዱ ጃስፕሪት ቡምራ በአጭር ሩጫ ሲያስፈራ ዓለም አይቷል። የልጁን ቪዲዮ ከታላቅ ተጫዋች ቪዲዮ ጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ሁሉ በቀይ መስመር ማስመር የመተግበሪያዎቹ ትልቁ ፈተና ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ «ይመስለዋል ወይ?» ሳይሆን «ባቱ ኳሱ ጋ በጊዜው፣ በሙሉ ፊቱ ይደርሳል ወይ?» ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳያሳስትዎት። የስልክ ካሜራ ምስሉን የሚያነበው በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ነው። በፍጥነት የሚወዛወዝ ባት በአንዳንድ ምስሎች ላይ እንደ ጎማ ታጥፎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የልጁ ምት ጉድለት የለበትም፣ ወደሚቀጥለው ምስል ይለፉ።

6. ፍጥነትን በምስል ቆጠራ ይለኩ

ልጆች ሁሉ የሚጠይቁት ይህን ነው፣ «ስንት ሮጠ?» የራዳር መሣሪያ ባይኖርዎትም መገመት ይችላሉ። በአዋቂዎች ፒች ላይ ከስተምፕ እስከ ስተምፕ 20.12 ሜትር ነው፤ ፖፒንግ ክሪዙ ከስተምፑ 1.22 ሜትር ወደፊት ይወጣል። ኳሱ ከሞላ ጎደል ከቦውለሩ ፖፒንግ ክሪዝ በላይ እንደሚለቀቅ ይያዙና፣ ከባተሩ ስተምፕ ጀምረው በየሁለት ሜትሩ በፒቹ ዳር ምልክት ያድርጉ።

ኳሱ ከባተሩ ስተምፕ 6 ሜትር ላይ ነጠረ እንበል። ከተለቀቀበት እስከ ነጠረበት 18.9 ሲቀነስ 6፣ ማለትም 12.9 ሜትር ነው። ቪዲዮውን ምስል በምስል እያሳለፉ ከመልቀቂያው እስከ መንጠሪያው ይቁጠሩ። በ240 ቅንብር 120 ምስል ከሆነ ጊዜው ግማሽ ሰከንድ ነው። 12.9 ለ0.5 ሲካፈል 25.8 ሜትር በሰከንድ፣ በ3.6 ሲባዛ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ያህል።

ይህ ቁጥር በቴሌቪዥን ከሚታየው ጋር አይወዳደርም። የቴሌቪዥኑ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው፤ የእርስዎ የመንገዱ አማካይ ነው፣ ኳሱም በአየር ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የመንጠሪያ ነጥቡን በግማሽ ሜትር ከሳቱ ውጤቱ በ4 በመቶ ያህል ይዛባል። ስለዚህ የሚጠቅመው ያንኑ ልጅ ከራሱ ጋር፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ የካሜራ ቦታ ለማነጻጸር ነው። በአውስትራሊያ የትንንሾቹ ጨዋታ 16 ወይም 18 ሜትር በሆነ ፒች ላይ ስለሚደረግ እዚያ ርቀቱን በሜትር ለክተው ይተኩ። ለጓደኛሞች የፍጥነት ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ አይለጥፉ፤ ሁሉም በጉልበት ብቻ መወርወር ይጀምራሉ፣ መስመሩም ይጠፋል።

7. ክርንን በስልክ አይፍረዱ

በክሪኬት ሕግ ቦውለሩ ኳሱን ሲለቅ ክርኑን እያቃና መወርወር የለበትም። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚፈቅደው ክርኑ ቢበዛ 15 ዲግሪ እንዲቃና ነው። እዚህ ላይ የሚለካው የክርኑ መታጠፍ ሳይሆን ከመታጠፍ ወደ መቃናት የሚሄድበት መጠን ነው። ታጥፎ እንደታጠፈ የሚቆይ ክንድ ሕጉን አይጥስም።

የስሪላንካው ሙቲያ ሙራሊታራን ታሪክ ይህን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 በሜልበርን ሜዳ ዳኛው ዳረል ሄር ደጋግሞ ኖ-ቦል ጠራበት። የሙራሊታራን ክርን ከተወለደ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የማይቃና ነው። ከጎን ወይም ከፊት በአንድ ካሜራ ለሚያየው ሰው የታጠፈ ክንድ ሲዞር እየተቃና ይመስለዋል። በላቦራቶሪ፣ በአካሉ ላይ ምልክት ተለጥፎ በብዙ ካሜራዎች ከየአቅጣጫው ሲለካ ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቴስት ጨዋታ ሲሰናበት 800 ዊኬት ነበረው፤ እስካሁን ማንም አልደረሰበትም።

ስልክዎ አንድ ካሜራ ነው። አንድ ካሜራ ሦስት አቅጣጫ ያለውን የክንድ ዙር በሁለት አቅጣጫ ጨፍልቆ ያሳያል። በመተግበሪያ ላይ ማዕዘን ስለው «18 ዲግሪ ነው» ብለው አንድን የ13 ዓመት ልጅ ሕገ ወጥ ማለት በደል ነው፤ ያ ወሬ ከክለብ ክለብ ይከተለዋል። ጥርጣሬ ካለዎት ለወላጁና ለክለቡ ኃላፊ ብቻ በዝግ ይንገሩ፣ በአገሩ ሥርዓት ይመርመር።

8. ቪዲዮውን ሲያሳዩ

ከቀረጻው ይልቅ ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ይታለፋል።

ቪዲዮውን ብቻዎን አስቀድመው ይዩት። ከተቀረጹት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ኳስ ብቻ ይምረጡ፣ ከእነሱም አንዱ ልጁ በትክክል የሠራበት ይሁን። ጥሩውን መጀመሪያ ያሳዩት። ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። ልጁ በገዛ አካሉ የሚሠራውን ትክክለኛ እንቅስቃሴ ማየቱ ከማንም ኮከብ ቪዲዮ ይልቅ ቅርብ ምሳሌ ስለሚሆነው ነው።

ከዚያ ዝም ይበሉ። «እዚህ ላይ ምን ታያለህ?» ብለው ይጠይቁና ይጠብቁ። በእኛ ባህል ያደገ ልጅ በታላቅ ፊት መልስ ለመስጠት ይጠነቀቃል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ ጋሼ» ብሎ ሊሄድ ይችላል። እንደዚያ ሲሆን በቃል ከመጠየቅ ስልኩን ይስጡት። «ኳሱ ሲወጣ ያለውን ምስል ፈልገህ አቁምልኝ» ይበሉት። ጣቱ መፈለግ ሲጀምር አፉም ይፈታል። ብዙውን ጊዜ እርስዎ ሊነግሩት ያሰቡትን ራሱ ያገኘዋል፤ ራሱ ያገኘውን ደግሞ አይረሳም።

አንድ ነገር ይስማሙ። ያም ነገር በተቻለ መጠን ከአካሉ ውጭ ያለ ዒላማ ይሁን። የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዎች፣ በተለይ ጋብሪኤሌ ቩልፍ፣ ደጋግመው እንዳሳዩት ሰው ስለ ክርኑና ስለ ጉልበቱ እያሰበ ከሚሠራ ይልቅ ሊያሳካው ስለሚፈልገው ውጤት እያሰበ ሲሠራ ይሻሻላል። ስለዚህ «የግራ ትከሻህን 10 ዲግሪ አዙር» ከማለት «ከለቀቅህ በኋላ ወደዚያ ኮን እየሮጥህ እለፍ» ይሻላል። ኮኑን እርስዎ ያስቀምጡት፤ ትከሻው ኮኑን ይከተላል።

ወዲያው ወደ ኔት ይመለሱ። ውይይቱ አልቆ ቀጣዩ ኳስ እስኪጣል ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። በየኳሱ እየሮጡ ስክሪን ማየትን ግን ይከልክሉ። በየሙከራው አስተያየት የሚሰጠው ሰው በልምምድ ላይ ጥሩ ይመስላል፣ አስተያየቱ ሲቀር ግን ይወድቃል፤ በጨዋታ ላይ ደግሞ ስልክ የለም። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ የቪዲዮ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ታዳጊ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጨዋታ በፊት ባለው ምሽት ቪዲዮ አይታይ።

9. ዓይንን ያሠልጥኑ

ቪዲዮ ስሕተት ከማሳየት ሌላ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ለእኔ በጣም የሚጥመኝም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ ሚካኤል ላንድና ፒተር ማክሊዮድ የባተሮችን ዓይን በካሜራ ተከታትለው ያሳተሙት ጥናት፣ ባተሮች ኳሱን ከእጅ እስከ ባት ሳያቋርጡ እንደማያዩት አሳየ። ኳሱ ሲለቀቅ ያዩታል፣ ከዚያ ዓይናቸው ቀድሞ ይነጥራል ብለው ወደሚገምቱበት ቦታ ይዘላል። የተሻለው ባተር ዝላዩ ፈጠን ያለ ነበር። አውስትራሊያዊው ብሩስ አበርኔቲና ሌሎችም ልምድ ያላቸው ባተሮች ኳሱ ሳይለቀቅ ከቦውለሩ ክንድና እጅ መረጃ እንደሚያነቡ አሳይተዋል።

ይህን በስልክ ማለማመድ ይቻላል። ስልኩን ከባተሩ ስተምፕ ጀርባ ባለው መረብ ውጭ፣ በልጅ ዓይን ከፍታ ያቁሙ። ባተር ሳይኖር ቦውለሮች የተለያየ ኳስ ይላኩ፦ አጭር፣ ረጅም፣ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ዘገምተኛ። እያንዳንዱን ኳስ በሁለት ይቁረጡት፤ አንደኛው ኳሱ ከእጅ እንደወጣ የሚቆም፣ ሁለተኛው ሙሉው። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ልጆቹን ሰብስበው የተቆረጠውን ያሳዩ፣ «ፊት ወይስ ኋላ?» ይበሏቸው፣ ተነሥተው በእግራቸው ይመልሱ፣ ከዚያ ሙሉውን ያሳዩ። ባት ይያዙ፣ እንደ እውነቱ ይቁሙ። በመቀመጫ ላይ ሆኖ በአፍ መመለስ ሌላ ችሎታ ነው።

10. የጨዋታውን መረጃ በወረቀት

የቴሌቪዥኑን ባለቀለም ሠንጠረዥ ለመሥራት ሶፍትዌር አያስፈልግም። ፒቹን በወረቀት ላይ ይሳሉት፣ የእያንዳንዱን ኳስ መንጠሪያ በነጥብ ያስቀምጡ፣ ባተሩ ራን ያገኘበትን በሌላ ቀለም። ለባተር ደግሞ ሜዳውን ክብ አድርገው ከመሐል ወደ መታበት አቅጣጫ መስመር ይሳቡ። ይህን ሥራ በተጠባባቂነት ለተቀመጠ ልጅ ቢሰጡት ጨዋታውን በሌላ ዓይን ማየት ይማራል።

ከአንድ ጨዋታ 24 ነጥብ ተነሥተው ፍርድ አይስጡ። 24 ኳስ አራት ኦቨር ብቻ ነው፤ አንድ ጥሩ ባተር ሊያበላሸው ይችላል። አምስት ስድስት ጨዋታ ሲደራረብ ነጥቦቹ የሚናገሩት ይኖራቸዋል፤ ያኔ የሚነሣው ጥያቄ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመልስዎታል።

11. ስለ መተግበሪያና ስለ ግዢ

ኪኖቪያ በኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ምስል በምስል ያሳልፋል፣ መስመርና ማዕዘን ይስላል፣ ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን ያሳያል። ለሰፈር ክለብ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ፉልትራክ የተባለው መተግበሪያ በስልክ ካሜራ የኳስን መንገድ ለመከታተል ይሞክራል፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ ቁጥሩን ግን እንደ ግምት ይያዙት። ባት ላይ የሚገጠሙ ዳሳሾችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የቻምፒየንስ ዋንጫ ላይ ኢንቴል ያቀረበው ዓይነት የባቱን ፍጥነትና ማዕዘን ይለካል። ለታዳጊ አልመክረውም። ያው ገንዘብ ለጥሩ ማቆሚያና ለተጨማሪ ኳሶች ቢውል ለቡድኑ ሁሉ ይተርፋል።

ቪዲዮዎቹን በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ አያስቀምጡ። በአሠልጣኞች ዘንድ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ኮችስ አይ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቷል።

12. ማስቀመጥና ማጥፋት

ፋይሉን ሲሰይሙ የልጁን ሙሉ ስም አይጻፉ፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ ቀኑ፣ ጥያቄው ይበቃል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ፣ ስልኩን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታና ቅንብር አድርገው እንደገና ይቅረጹ፤ ማቆሚያው የቆመበትን ቦታ መጀመሪያ ቀን በኖራ ወይም በቴፕ ምልክት ካደረጉ ይቀልዎታል። ለውጥ ከታየ ጥያቄውን ይዝጉና አዲስ ይጻፉ። ካልታየ ምክሩን ደግሞ ከመናገር ልምምዱን ይለውጡ።

መልስ ያገኙባቸውን ቀረጻዎች ያጥፉ፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ከመጀመሪያው፣ አንድ ከመጨረሻው ይበቃል። ልጁ ክለብ ሲቀይር ወይም የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ የቀረውን ለወላጆቹ ያስረክቡና ከስልክዎም፣ ከኮምፒውተርዎም፣ በኢንተርኔት ካስቀመጡበትም ቦታ ያጥፉት።